ከቦሌ እስከ ለገዳዲ፦ የአፈራችንን መንገድ ተከትለን

«ወንዙ ሻይ በወተት ሆኗል!»

ይህን ያለችው የሰባት ዓመቷ ልጄ ናት። ዘመድ ልንጠይቅ ወደ ቦሌ ቡልቡላ ስንወርድ መኪናችን ድልድይ ላይ በትራፊክ ተይዛ ቆማለች። የሐምሌ መጨረሻ ነው፤ ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ ጋብ ካለ ገና ሰዓት አልሞላውም። ከታች ወንዙ ቡናማ ሆኖ፣ ፌስታልና ቅርንጫፍ እየገፋ ይወርዳል። ከልጄ አጠገብ የተቀመጠችው እናቴ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ቁልቁል አየችና «ሻይ አይደለም የእኔ ልጅ፤ አፈር ነው። የሰው እንጀራ ነው የሚሄደው» አለች።

ልጄ ሳቀች። እንጀራ በወንዝ ላይ ተንሳፎ ሲሄድ ታይቷት ይሆናል። እኔ ግን አልሳቅሁም። እናቴ ከሞረትና ጅሩ፣ ከእነዋሪ አካባቢ የመጣች የገበሬ ልጅ ናት። ከሰሚት ማዶ ባለው ኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ ላይ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆኗታል። በእነዚህ ሦስት ዓመታት ስለ አፈር ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። በረንዳ ላይ በቀለም ባልዲ ካበቀለችው ጎመንና ጤና አዳም በቀር የሚታረስ ነገርም የለንም።

የአፈሩ ነገር እኛንም ደጃችን ድረስ መጥቶብናል። ከሕንጻችን ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ከሁለት ክረምት በፊት በእርምጃ የምንሻገረው ትንሽ ፈፋ ነበር። ዘንድሮ ልጅ የሚውጥ ቦረቦር ሆኖ አጥሩ ሥር ደርሷል። የነዋሪዎች ኮሚቴው በሲሚንቶ ለማስገንባት ገንዘብ እያሰባሰበ ነው። እናቴ ደግሞ በመስኮት ቁልቁል እያየች ራሷን ትነቀንቃለች እንጂ ምንም አትልም። ለዚህ ነው በነሐሴ የመጀመሪያ ቅዳሜ ሦስታችን በጠዋት የተነሣነው፤ ከቦሌ ወደ ምሥራቅ፣ ከተማው አልቆ ማሳ እስኪጀምር ድረስ።

ከአስፋልቱ ሥር ያለው ማሳ

ቦሌን፣ ገርጂን፣ ሰሚትንና አያትን የምናውቃቸው በሕንጻቸውና በካፌያቸው ነው። በእነዚህ ሰፈሮች ቤት ያሠራ ሰው ግን አንድ ሌላ ነገር በደንብ ያውቃል፦ ጥቁሩን አፈር። ገበሬው ዋልካ ወይም መረሬ ይለዋል፤ ኦሮምኛ ተናጋሪው ኮቲቻ፤ መሐንዲሱ ደግሞ «ብላክ ኮተን»። ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ጫማ ላይ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። በጋ ሲደርቅ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ቤት ሠሪ መሠረት ከማውጣቱ በፊት ይህን አፈር አስቆፍሮ የሚያስወጣውና በምትኩ «ሰሌክት» የሚያስሞላው ለዚህ ነው። አለዚያ ግድግዳው ይሰነጠቃል።

የሚወጣው አፈር የት ይሄዳል? ብዙ ጊዜ በሲኖትራክ ተጭኖ ክፍት ሜዳ ላይ ወይም ወንዝ ዳር ይደፋል። ሰኔ ሲገባ የመጀመሪያው ዶፍ ክምሩን ማጠብ ይጀምራል። ከላይ ከእንጦጦና ከየካ ተራራ የሚወርደውም ይጨመርበታል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ለከተማችን ማገዶም ማገርም ሆኖ ኖሯል፤ ቅጠሉ ለማገዶ ተጠርጎ በሚወሰድበት ተዳፋት ላይ ግን ከዛፉ ሥር ሣር አይኖርም። ከሩቅ ሲታይ ደን ነው፤ ከቅርብ ሲታይ ራቁቱን የቆመ መሬት። ልጄ ያየችው ሻይ በወተት ከዚህ ሁሉ የተቀላቀለ ነው።

ለግንበኛ ራስ ምታት የሆነው ይህ አፈር ለገበሬ ሀብት ነው። በኢትዮጵያ ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚሆን መሬት ይሸፍናል፤ ከዚህም ከግማሽ የሚበልጠው በደጋው ክፍል ነው። ገበያ ስንሄድ በስም የምንጠይቀው የአዳ ጤፍ፣ ሽምብራው፣ ምስሩና የጅሩ ስንዴ ከዚህ አፈር የሚወጡ ናቸው። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመባቸው የምሥራቅ አዲስ አበባ ሜዳዎችም ብዙዎቹ ከአንድ ትውልድ በፊት ጤፍና ስንዴ የሚታጨድባቸው ማሳዎች ነበሩ።

ጉርድ ሾላ፦ ሹሩባ የተሠራ መሬት

መገናኛን አልፈን በባቡሩ ሐዲድ ጎን ወደ አያት ስንሄድ ጉርድ ሾላ ላይ አንድ ሰፊ አረንጓዴ ግቢ ይታያል። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ ኢልሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሲቋቋም ስሙ ኢልካ ነበር። በየቀኑ በአጥሩ ሥር የምናልፍ ብዙዎቻችን እዚያ ውስጥ የሚሠራው ስለ ላምና ስለ በግ ብቻ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ግን ከዚህ ግቢ የተነሡ ባለሙያዎች ከግብርና ሚኒስቴር፣ ከዓለማያ ዩኒቨርሲቲና ከሕንዱ ኢክሪሳት ጋር ሆነው የዋልካ መሬትን ችግር ሲያጠኑ ነበር።

ችግሩ ይህ ነው። ዋልካ ውሃ ቶሎ አያሰርግም። በሐምሌና በነሐሴ ማሳው ላይ ውሃ ይተኛል፤ የሰብሉ ሥር አየር አጥቶ ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ ገበሬው መሬቱን በሰኔና በሐምሌ ደጋግሞ ያርስና ዘሩን ግን ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ በነሐሴ መጨረሻ ወይም በመስከረም ይዘራል። ሰብሉም በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ይደርሳል። ብልሃቱ ብልሃት ነው፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። የዓመቱ ዋና ዝናብ ሁሉ የታረሰና የለሰለሰ፣ አንድም ቅጠል ያልሸፈነው መሬት ላይ ይወርዳል። አፈሩ የሚሄደው ያን ጊዜ ነው።

ይህን እየነገርኋቸው ሳለ እናቴ አቋረጠችኝ። «እኛ አገርማ እንዲህ አይደለም። እኛ ሹሩቤ እንሠራለን።»

ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀውን ነገረችን። በእነዋሪ አባቷ በበሬ ያርሳል። እናትና ልጆች ከኋላው ጎንበስ ብለው በእጃቸው ጭቃውን እየዛቁ ወደ ላይ ይከምራሉ። ሰፋ ያለ መደብ፣ ቀጥሎ ቦይ፣ እንደገና መደብ፣ እንደገና ቦይ። ስንዴው መደቡ ላይ ይበቅላል፤ ውሃው በቦዩ ይወጣል። ከሩቅ ሲታይ ማሳው ልክ ሹሩባ የተሠራ ራስ ይመስላል። «የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ ጀምሬያለሁ። ማታ ጣቶቼን ማጠፍ አልችልም ነበር። እናቴ በቅቤ ታሽልኛለች።»

ተመራማሪዎቹም እነዋሪ ድረስ ሄደው ያዩት ይህንኑ ነበር። የገበሬውን ብልሃት አልጣሉትም፤ ይልቁንም የእናትና የልጅ እጅ የሚሠራውን በሬ እንዲሠራው መንገድ ፈለጉ። ሁለት የተለመዱ ማረሻዎች አጣምረው ክንፍ ገጠሙላቸው። በሬዎቹ አንዴ ሲያልፉ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው መደብና 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ቦይ ይወጣል። መሣሪያው በእንግሊዝኛ ምኅጻረ ቃሉ ቢቢኤም ተባለ፤ በኋላም ከብረት የተሠራና ቀለል ያለ ዓይነቱ «አይባር» በሚል ስም ለገበሬዎች ደርሷል። ትልቁ ጥቅሙ ጊዜ ነው። ገበሬው በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መዝራት ይችላል፤ ዶፉ ሲመጣ መሬቱ ቅጠል ለብሶ ይጠብቀዋል።

እናቴ የኢልሪን አጥር እስክናልፍ ድረስ በመስኮት አየችው። «እዚህ ሆነው ነው ያሰቡት?» አለች። «እኛን ቢጠይቁን ኖሮ በሬ ስጡን እንላቸው ነበር።»

የጠጅ ወንዝ

አያትን፣ ከዚያም ለገጣፎን አልፈን በደብረ ብርሃን መንገድ ቀጠልን። ከተማው ቀስ በቀስ ይሳሳል፤ ብሎኬት ማምረቻ፣ የእንጨት መሸጫ፣ ሳር የሚግጡ በጎች፣ ከዚያ ድንገት አረንጓዴ ሜዳ። ለገዳዲ ደረስን። በኦሮምኛ «ለገ» ወንዝ ነው፤ «ዳዺ» ደግሞ ጠጅ። የጠጅ ወንዝ ማለት ነው። ልጄ ይህን ስትሰማ ከድልድዩ ላይ ካየችው ሻይ በወተት ጋር አያይዛ «እዚህ አገር ወንዝ ሁሉ ይጠጣል?» ብላ ጠየቀች።

አዎ፣ ይህኛው ይጠጣል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው የለገዳዲ ግድብ፣ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ ከድሬ ግድብ ጋር ሆኖ፣ ለአዲስ አበባ ቧንቧዎች ውሃ ከሚያቀርቡት ዋና ምንጮች አንዱ ነው። ወደ ግድቡ አልገባንም፤ ውሃው የሚመጣበትን አገር ማየት ለእኛ በቂ ነበር። በዙሪያው ያሉ ኮረብቶች ይታረሳሉ። ከማሳዎቹ የሚታጠበው የዋልካ ሸክላ እጅግ የደቀቀ ስለሆነ ግድብ ውስጥ ገብቶ እንኳ ቶሎ አይዘቅጥም፤ ውሃውን አደፍርሶ ይቆያል። ይህን ለማጣራት ኬሚካልና ጊዜ ይፈልጋል፤ ከባድ የሆነው ክፍል ደግሞ ከሥር ተኝቶ የውሃውን ቦታ ይሻማል። በእኛ ቤት ሮቶ ውስጥ የሚገባው ውሃ ጉዳይ የሚጀምረው እንግዲህ ከአንድ የማናውቀው ገበሬ ማሳ ነው።

ሁለቱ ማሳዎች

ወደ ሰንዳፋ አቅጣጫ ጥቂት እንደሄድን እናቴ «አቁም!» አለች። ከመንገዱ በስተግራ ሁለት ማሳዎች ጎን ለጎን ተኝተዋል። አንዱ ላይ ጉልበት የደረሰ ስንዴ በመደብ በመደብ ሆኖ ቆሟል፤ በመካከሉ ቦዮቹ ውሃ ይዘው ያብረቀርቃሉ። ሌላኛው ታርሶ ዘር የሚጠብቅ ባዶ መሬት ነው። በላዩ ላይ ጣት የሚያህሉ፣ ወደ ታች ሲወርዱ ክንድ የሚያህሉ ቦዮች ዝናቡ ራሱ ቆፍሯል።

ዱላቸውን ተደግፈው በጎች የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እናቴ ወርዳ «አካም ጅርቱ፣ አባቴ» አለቻቸው። ሳቁ፤ «ፈያ» ብለው በአማርኛ ቀጠሉ። «ደህና ነኝ እናቴ፤ እናንተስ በደህና መጣችሁ?» ስንዴው የእርሳቸው ነው፤ ባዶው የጎረቤታቸው። ጎረቤታቸው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም አሉን። መሬቱ ምስር ይዘራበታል፤ ምስር ደግሞ ውሃ ላይ አይቆምም። መደብ ማውጫ ለመዋዋስ ተራው አልደረሰውም፤ ማዳበሪያው ደግሞ ተወዷል። «ቀድሞ የሚዘራ ሰው ቀድሞ ብር ያስፈልገዋል» አሉ። በመጽሐፍ ያላነበብሁት ይህን ነበር፦ አፈርን ማዳን ማወቅ ብቻ አይደለም፤ በሰዓቱ መቻልም ነው።

ከባዶው ማሳ የሚሄደው ምን ያህል ነው? እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በአገራችን የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያዎች ተቋቁመው ነበር፤ አንዱ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ ነው። ከእነዚህ ልኬቶች ተነሥቶ ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ ያቀረበው ግምት በደጋው የታረሰ መሬት በአማካይ ከአንድ ሄክታር በዓመት 42 ቶን አፈር ይታጠባል የሚል ነበር። ሁለት ሲኖትራክ ገደማ ማለት ነው። በማሳው ላይ ሲከፋፈል ወደ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ብቻ ነው፤ ገበሬው በዓይኑ አያየውም። ያቺው 4 ሚሊ ሜትር ግን የምትሄደው ከላይኛው፣ ከለሙ ክፍል ነው። መሬት ደግሞ የወሰዱበትን ያህል መልሶ ለመሥራት አሥርትና መቶ ዓመታት ይፈልጋል።

ጤፋችንም ከዚህ ነፃ አይደለም። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ መሬቱ አራት አምስት ጊዜ ታርሶ መልፋት አለበት፤ ብዙ ቦታም በከብት ይረገጣል። ቡቃያው መሬቱን እስኪሸፍን ድረስ ያለው ሳምንት ሁሉ ለዶፍ የተጋለጠ ነው። መፍትሔው ጤፍን መተው አይደለም። እርከን፣ የሣር ንጣፍ፣ በተዳፋት ላይ አግድም ማረስ፣ ጤፍና ስንዴን ከሽምብራና ከባቄላ ጋር ማፈራረቅ ነው። ጥራጥሬ ናይትሮጅን ለአፈር ይመልሳል፤ ለሚቀጥለው ዓመት ማዳበሪያም ይቆጥባል። ይህ ለአገራችን አዲስ ትምህርት አይደለም። ኮንሶዎች ከ400 ዓመት በላይ በድንጋይ እርከን ያረሱት ተራራ በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

የእኔ ውሃ፣ የጎረቤቴ ጎርፍ

ልንሰናበት ስንል እናቴ የሽማግሌውን ቦዮች መጨረሻ ሄዳ አየች። ቦዮቹ ሁሉ ሣር ወደ በቀለበት አንድ ሰፊ መውረጃ ይገባሉ። «ጥሩ ነው» አለች ስትመለስ። «መውጫውን አይተዋል።» ከዚያ አንድ ያልጠበቅሁትን ተናገረች። በልጅነቷ ማሳቸው መደብ ነበረው፤ ስንዴውም ያምር ነበር። ቦዩ ግን የሚፈስሰው በታች ባለው የአጎቷ መሬት ላይ ነበር። ከዓመት ዓመት የአጎቷ ማሳ ተቦረቦረ፤ ሁለቱ ወንድማማቾች በዚህ ተጣልተው ለብዙ ጊዜ አልተነጋገሩም። «ሹሩቤ ጥሩ ነው። ግን ውሃህን ለጎረቤትህ ካፈሰስህበት፣ ማሳህን አዳንህ እንጂ አፈሩን አላዳንህም።»

በመንገዱ ሁሉ ያሰብሁት ስለ ከተማችን ነበር። የቦሌና የምሥራቅ አዲስ አበባ ወንዞች ወደ አቃቂ ይገባሉ። አቃቂ ከከተማዋ በስተደቡብ አባ ሳሙኤል ላይ ያርፋል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መሠራት የጀመረው የኃይል ማመንጫ ከአገራችን የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ግድቡ በደለል ተሞልቶ፣ ጥገናም አጥቶ ለአሥርት ዓመታት ቆመ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በቻይና ድጋፍ ታድሶ እንደገና ሥራ ጀመረ። ውሃው ከዚያ ወደ አዋሽ፣ ከአዋሽም እ.ኤ.አ. በ1960 ወደ ተሠራው የቆቃ ግድብ ይወርዳል፤ ቆቃም ሆዱ በደለል ከተጨናነቀ ቆይቷል። አዋሽ ባሕር አይደርስም። ያለንን አፈር ሁሉ ተሸክሞ አፋር በረሃ ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል።

እኛስ? ጣሪያችን ቆርቆሮ፣ ግቢያችን ኮንክሪት፣ መንገዳችን አስፋልት ነው። የወረደው ዝናብ ሁሉ መሬት ሳይነካ በአሸንዳና በቱቦ ወደ በታች ሰው ይጣደፋል። የኮሚቴው ሲሚንቶም እንዲሁ ነው። ፈፋችንን ልሙጥ ቦይ እናደርገውና ጎርፉ በበለጠ ፍጥነት ከእኛ በታች ያሉት ሰዎች አጥር ላይ ይደርሳል።

ከሕንጻው ጀርባ

ያን እሑድ እናቴን ይዤ ኮሚቴው ፊት ቀረብሁ። መጀመሪያ አንዳንዶች ፈገግ አሉ። እርሷ ግን ሰዎቹን ወደ ፈፋው አፍ ወሰደቻቸውና የሁለት ሕንጻ አሸንዳ እዚያው ላይ እንደሚፈስ በጣቷ አሳየቻቸው። ከመሃል ሆነው ቢደፍኑት ዋጋ የለውም፤ መጀመር ያለበት ከላይ ነው አለች። ረጅም ክርክር ሆነ። በመጨረሻ ከተሰበሰበው ገንዘብ የተወሰነው ለአሸንዳና ለሮቶ እንዲሆን፣ ፈፋው ደግሞ በድንጋይ ክትር ተሞክሮ እንዲታይ ተስማሙ። የቀረው ገንዘብ አልተነካም፤ ሙከራው ካልሠራ ሲሚንቶው ይቀጥላል።

በቀጣዩ ቅዳሜ አሥራ አምስት የምንሆን ጎረቤታሞች ከነልጆቻችን ወጣን። ከላይ ወደ ታች አራት ክትሮች ሠራን፤ መሃላቸው ዝቅ፣ ጫፎቻቸው ወደ ፈፋው ግድግዳ ገባ ያሉ። በዳሩ የቬቲቨር ሣር ተከልን። ከፈፋው በላይ ባለው ቁራጭ መሬት ደግሞ እናቴና ልጄ ጎንበስ ብለው በእጃቸው መደብና ቦይ አወጡ። ልጄ እስከ ክርኗ ጭቃ ሆና «እማማ፣ እንደ ጸጉሬ ነው!» እያለች ትጮኻለች።

ዶፉ በነሐሴ አጋማሽ መጣ። ማለዳ ስንወርድ ሦስቱ ክትሮች ቆመዋል፤ አራተኛው፣ እኔ የሠራሁት፣ በጎኑ ተሰብሮ ውሃው ዞሮ ሄዷል። ጫፉን ወደ ግድግዳው በደንብ አላስገባሁትም ነበር። እናቴ አልተቆጣችም። «ውሃ መውጫ ካልሰጡት ራሱ ይሠራል» ብላ ድንጋዩን መሰብሰብ ጀመረች። ከሦስቱ ክትሮች በስተጀርባ ግን አዲስ ጥቁር ደለል ተኝቷል። ልጄ ከትምህርት ቤት ቦርሳዋ ማስመሪያ አምጥታ ለካችው፦ 6 ሳንቲ ሜትር። ወደ ቡልቡላ፣ ወደ አባ ሳሙኤል ሊሄድ የነበረ አፈር ነው።

ቅዳሜያችሁን ለአፈር መስጠት ብትፈልጉ

ውድ አንባብያን፣ ይህን ለመሥራት እርሻ አያስፈልግም። ግቢያችሁ ውስጥ ባዶ መሬት አትተዉ፤ ሣር፣ ጎመን ወይም ቢያንስ ደረቅ ቅጠልና ገለባ አልብሱት፤ የዝናቡን ምት የሚሰብረው ሽፋኑ ነውና። አሸንዳችሁን ወደ ሮቶ ወይም ወደ ተተከለ መሬት አዙሩት እንጂ ወደ ጎረቤት አትልቀቁት። የወጥ ቤት ልጣጭ ኮምፖስት ይሁን፤ ዋልካን የሚያለዝበው እርሱ ነው። ቤት ስታሠሩ የወጣው አፈር የት እንደሚደፋ ሾፌሩን ጠይቁት፤ መልሱን ሳትሰሙ አትክፈሉ። ጊዜ ካላችሁ ደግሞ ከልጆቻችሁ ጋር በነሐሴ ወደ ለገዳዲ ውጡ። ሁለት ማሳ ጎን ለጎን አሳዩአቸው፤ የቀረውን ራሳቸው ይጠይቃሉ።

እኛ አራተኛውን ክትር እንደገና ሠርተነዋል፤ ዘንድሮ ይቁም አይቁም የሚታየው በቀረው ዝናብ ነው። እናቴ ከሦስቱ ጀርባ በተኛው ደለል ላይ የጎመን ዘር በትናለች። በባልዲ ያለው ጎመን ከእንግዲህ አያስፈልገኝም ብላ ባልዲዎቹን ለጎረቤት ሰጠቻቸው።